ከልክ ያለፈ ማስታወቂያን መቀነስ፦ ከዲሽ እስከ ስልክ

በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚመጣ ማስታወቂያ ሰውን የሚያማርረው በመኖሩ ሳይሆን ልክ በማጣቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማታ ተከታታይ ድራማ ለማየት የተሰበሰበ ቤተሰብ ታሪኩ ሊጦፍ ሲል የቀለም፣ የብስኩት፣ የአፓርታማና የባንክ ማስታወቂያ በተርታ ይመጣበታል፤ ድራማው ከተመለሰ በኋላም በማያ ገጹ ግርጌ ሌላ የሽያጭ ጽሑፍ ይሮጣል። ስልክ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ተመልካቹ ማስታወቂያውን የሚያየው በገዛው ዳታ ነው።

ማስታወቂያ ከተመልካች የሚወስደው ሦስት ነገር ነው፤ ጊዜ፣ ዳታና የግል መረጃ። በዲሽ የሚታይ ቴሌቪዥን ጊዜን ብቻ ይወስዳል፤ ሬዲዮም እንዲሁ። ስልክ ግን ሦስቱንም ይወስዳል። ስለዚህ መፍትሔው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። አንዴ ተጭኖ ሁሉንም ማስታወቂያ ከየቦታው የሚያጠፋ መተግበሪያ የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢገጥም መሸሽ ነው። የሚሠራው መንገድ እያንዳንዱን የማስታወቂያ በር ለይቶ በየተራ መዝጋት ነው።

ብዛቱ ከየት መጣ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተመልካቹ ከአንድ ጣቢያ ውጭ ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ ከደጀን እስከ ቡሬ በየጣሪያው የተተከለው ዲሽ የሚይዛቸው የአማርኛ ቻናሎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ወርኃዊ ክፍያ አይጠየቅባቸውም። ተመልካቹ ካልከፈለ ሌላ የሚከፍል መኖር አለበት፤ እሱም አስተዋዋቂው ነው። የመንግሥት ጣቢያዎች በጀት ይመደብላቸዋል። የግል ጣቢያዎች ግን፣ ለምሳሌ ኢቢኤስ ወይም በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ሥርጭት የጀመረው ቃና፣ የሚኖሩት በማስታወቂያና በስፖንሰር ገቢ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። እስከዚያ ድረስ ቢራ ፋብሪካዎች ከዋናዎቹ አስተዋዋቂዎችና ስፖንሰሮች መካከል ነበሩ። ክልከላው ለጤና ተገቢ ነበር፤ ለልጆች ሲባልም ቀደም ብሎ መምጣት ነበረበት። ጣቢያዎቹ ግን ያጡትን ገቢ ከሌላ ዘርፍ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የስፖርት ውርርድም በዚያው ዘመን ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ ቤትኪንግ በተባለ የውርርድ ድርጅት ስም ይጠራ ጀመር። ኳስ የሚወድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ማስታወቂያ ከሌሎቹ ለይቶ ሊያየው ይገባል፤ የሚያቀርበው ዕቃ ሳይሆን ቁማር ነውና።

በኢንተርኔት በኩል ያለው ምክንያት ሌላ ነው። ዩቲዩብ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሚረዝም ቪዲዮ መካከል ማስታወቂያ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ቀደም ሲል ልኩ 10 ደቂቃ ነበር። በሦስት ደቂቃ ሊያልቅ የሚችል ወሬ ዘጠኝ ደቂቃ ድረስ የሚጎተተው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያወቀ ተመልካች ቪዲዮ ከመክፈቱ በፊት ርዝመቱን ከርዕሱ ጋር ያመዛዝናል።

መጀመሪያ መለካት

ወደ መቀነሱ ከመገባቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል መለካት ይጠቅማል። በደብተር ላይ ቻናሉ፣ ሰዓቱ፣ ፕሮግራሙ የተቋረጠበት ጊዜና ማስታወቂያው የፈጀው ደቂቃ ይጻፋል። ሥራው ለተማሪ ልጅ ሊሰጥ ይችላል፤ ልጆች በዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ጎበዞች ናቸው፣ ማስታወቂያን ከፕሮግራም መለየትንም በዚያው ይማራሉ።

ለመለኪያነት የሚያገለግል ልክ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533፣ ለማስታወቂያ ብቻ ካልተቋቋመ በቀር አንድ ጣቢያ ከዕለቱ የሥርጭት ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ለማስታወቂያ እንዳያውል ደንግጎ ነበር። የልጆች ፕሮግራምና ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ ፕሮግራምም በማስታወቂያ እንዳይቋረጡ ከልክሏል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ቢተካም ልኩ ለተመልካች ጥሩ ሚዛን ሆኖ ይቀራል። 20 በመቶ ሲሰላ በሰዓት 12 ደቂቃ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ስሌቱ የቀኑን ሙሉ ስለሆነ፣ ሌሊትና ረፋድ ላይ ጥቂት ማስታወቂያ ያስተላለፈ ጣቢያ ምሽቱን ቢያጨናንቀውም በቀኑ ድምር ልኩን ላያልፍ ይችላል። ሰው ግን ቴሌቪዥን የሚያየው ማታ ነው። ምሬቱና ሕጉ የማይገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ከሳምንቱ ቆጠራ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ውጤት ጭንቅንቁ በጥቂት ሰዓቶችና በጥቂት ቻናሎች ላይ የተከማቸ መሆኑ ነው። ሥራው የሚጀመረውም ከእነዚያ ነው።

ቴሌቪዥን

ለቴሌቪዥን ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ፕሮግራሙን ቀድቶ ቆይቶ ማየት ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሪሲቨሮች የፍላሽ መሰኪያ አላቸው፤ ሪሞታቸው ላይም ለመቅጃ የተሰጠ ቀይ ቁልፍ ይገኛል። ፍላሹ ባዶ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዳንድ ሪሲቨር ፍላሹን በራሱ ቋንቋ ሊያዘጋጀው ስለሚፈልግ በውስጡ ያለውን ፎቶና ሰነድ ሊያጠፋ ይችላል። ፍላሹ ከተሰካ በኋላ ፕሮግራሙ ሲጀምር ቀዩ ቁልፍ ይጫናል። በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ሰዓት ቆጣሪ ካለ ደግሞ የድራማው ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ይሞላል፤ ሪሲቨሩ በሰዓቱ ራሱ ይቀዳል። በዚህ ጊዜ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የሪሲቨሩ ሰዓት የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር የማያውቅ መሆኑን ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚባለው በሪሲቨሩ 20፡00 ነው።

ሙሉውን ቀድቶ በማግሥቱ ማየት የማይፈልግ ቤተሰብ ግማሽ መንገድ አለው። ብዙ ሪሲቨሮች ፍላሽ ከተሰካላቸው እየተላለፈ ያለን ፕሮግራም ማቆም ይችላሉ። ድራማው ሲጀምር ማቆሚያው ተጭኖ ቡናው እስኪፈላ 20 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ወደፊት ማሳለፊያው ይጫናል። የተጠራቀመው 20 ደቂቃ እስኪያልቅ ድረስ ማስታወቂያው ሁሉ ይዘለላል።

ዘዴው ሁለት ድክመት አለው። አንዱ ሪሲቨሩ አንድን ቻናል እየቀዳ ሌላውን ማሳየት የሚችለው ሁለቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚመጡ ሲሆኑ ብቻ መሆኑ ነው። ሌላው መብራት ነው። በመቅዳት ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ክረምት ላይ በተደጋጋሚ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ረጅም ፕሮግራም በአንድ ፋይል ከመቅዳት በየግማሽ ሰዓቱ ቆርጦ መቅዳት ይሻላል።

ቀጥሎ የቻናሎች ዝርዝር ይስተካከላል። ዲሽ ሠሪው ፈልጎ ከተዋቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻናሎች መካከል ሙሉ ቀን ዕቃና ቅባት የሚሸጡት በርካታ ናቸው። ከሜኑ ውስጥ ቻናል ማስተካከያው ተከፍቶ እነዚህ ይሰረዛሉ፤ ቤተሰቡ የሚያያቸው ዓሥር ወይም ዓሥራ አምስት ቻናሎች ደግሞ የተመረጡ በሚለው ዝርዝር ይገባሉ። ልጆች ለብቻቸው በሚያዩበት ቤት የውርርድ ማስታወቂያ የሚበዛበት ቻናል በቁጥር ይቆለፋል። አዲስ ሪሲቨር ሲገዛ የመጀመሪያው የመክፈቻ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አራት ዜሮ ስለሆነና ልጆችም ይህን ስለሚያውቁ መለወጥ አለበት።

በማያ ገጹ ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍና ምስሉን አጥብቦ በዳር የሚገባውን ማስታወቂያ ማጥፋት አይቻልም፤ ከሥርጭቱ ጋር ተዋሕዶ የሚመጣ ነው። በበዓል ዋዜማ ዝግጅቶች ላይ አቅራቢው ራሱ ጨዋታውን አቋርጦ የስፖንሰር ስም ሲደረድርም እንዲሁ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ የማስታወቂያ ወቅቶች ናቸው፤ ለእነዚህ ቀናት የተሻለው ዝግጅቱ በጣቢያው የዩቲዩብ ገጽ ላይ እስኪጫን ጠብቆ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ማየት ነው። ለሌላው ጊዜ የድምፅ ማጥፊያው ቁልፍ ቀላል እረፍት ይሰጣል። ማስታወቂያ ጆሮ ላይ የሚከብደው በዜማና በጩኸት በመሆኑ ድምፁ ሲጠፋ ብዙ ጉልበቱ አብሮ ይጠፋል።

ስልክ፦ አጭር መልእክትና ጥሪ

የጽሑፍ መልእክት ማስታወቂያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአጭር ቁጥር ነው። አንዳንዱ ሳይታወቅ የተመዘገቡበት አገልግሎት ስለሚሆን ሒሳብም ይቆርጣል። መልእክቱ ማቋረጫ ቃል ከሰጠ ያ ቃል ወደዚያው አጭር ቁጥር ይላካል፤ የተለመደው በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው ስቶፕ ነው። መልእክቱ ካላቆመ ወይም ሒሳብ መቁረጡ ከቀጠለ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994 ደውሎ የትኞቹ አገልግሎቶች ላይ እንደተመዘገበ ያስጣራል፣ እንዲሰረዝለትም ይጠይቃል። ለሳፋሪኮም ደንበኛ ቁጥሩ 700 ነው። በገጠር ቀበሌ ያሉ አረጋውያን ስልክ ላይ ይህን ማጣራት የልጆች ሥራ ቢሆን መልካም ነው፤ ሒሳባቸው የት እንደሚሄድ ሳያውቁ ካርድ የሚሞሉ ጥቂት አይደሉም።

ስልክ፦ ፕራይቬት ዲኤንኤስ

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ግን በአንድ ጊዜ ትልቁን እፎይታ የሚያመጣው ይህ ነው። ክፍያ የለውም፣ የሚጫን መተግበሪያም አይፈልግም። አንድ ገጽ ወይም ጨዋታ ማስታወቂያ ለማምጣት ሲፈልግ ስልኩ በመጀመሪያ የማስታወቂያውን ኮምፒውተር አድራሻ ይጠይቃል። አድራሻውን የሚነግረው አገልግሎት የማስታወቂያ ድርጅቶችን ስም ለይቶ መልስ የሚነፍግ ከሆነ ማስታወቂያው ጭራሽ አይመጣም፤ ስለዚህ ዳታም አይበላም።

አንድሮይድ 9ና ከዚያ በኋላ የወጡ ስልኮች ይህን ይቀበላሉ። ሴቲንግ ይከፈታል፤ ኔትወርክ እና ኢንተርኔት የሚለው ውስጥ ተገብቶ ፕራይቬት ዲኤንኤስ ይፈለጋል። ካልተገኘ ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ዲኤንኤስ ብሎ መጻፍ ነው። ከሚቀርቡት ሦስት ምርጫዎች የመጨረሻው፣ የአገልግሎት ሰጪውን ስም የሚጠይቀው ይመረጣል። በክፍት ቦታው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ ክፍተት ሳይኖር፣ የሚከተለው ይጻፋል፤ ዲ፣ ኤን፣ ኤስ፤ ነጥብ፤ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤ፣ አር፣ ዲ፤ ሰረዝ፤ ዲ፣ ኤን፣ ኤስ፤ ነጥብ፤ ሲ፣ ኦ፣ ኤም። ከዚያ ሴቭ ይባላል። ይህ አድጋርድ የተባለው ድርጅት በነፃ የሚሰጠው አገልግሎት አድራሻ ነው።

አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ስልኩ ላይ ያለው ኢንተርኔት በሙሉ ይቆማል፤ ሰው ሲደናገጥ ዳታው ያለቀ ይመስለዋል። መፍትሔው ወደዚያው ገብቶ ምርጫውን አውቶማቲክ ላይ መመለስ ነው። በካፌ ወይም በሆቴል ዋይፋይ፣ መጀመሪያ ስምና የይለፍ ቃል በሚጠይቅ ገጽ ሲገባም ተመሳሳይ ችግር ሊያጋጥም ይችላል፤ እስኪገባ ድረስ አውቶማቲክ ይደረጋል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ አድራሻ የሚነግረው ድርጅት ስልኩ የትኞቹን ድረ ገጾች እንደሚጠይቅ ማየት ይችላል። ስለዚህ ማንም በቴሌግራም የላከውን የማይታወቅ አድራሻ እዚህ ቦታ መሙላት አደጋ ነው።

ይህ ዘዴ በነፃ ጨዋታዎች፣ በዜና ድረ ገጾችና በብዙ መተግበሪያዎች ላይ ይሠራል። በዩቲዩብ፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ላይ ግን አይሠራም፤ እነዚህ ማስታወቂያውን የሚያመጡት ቪዲዮውንና ጽሑፉን ከሚያመጡበት ከራሳቸው ቤት ነው። አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት አይቻልም።

ስልክ፦ ማሰሻና ተንኮለኛ መተግበሪያ

በኢትዮጵያ ብዙ ተጠቃሚ ያለው ኦፔራ ሚኒ በውስጡ ማስታወቂያ ማገጃ አለው፤ በሜኑው ውስጥ መብራቱን ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። ብሬቭ የተባለው ማሰሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ አግዶ ይመጣል። በላፕቶፕ ለሚሠሩ፣ ለምሳሌ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የተሻለው ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂን የተባለውን ተጨማሪ መጫን ነው፤ በአንድሮይድ ፋየርፎክስ ላይም ይጫናል። ኦሪጂን የሚለው ቃል ከስሙ ላይ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ያለዚያ ቃል የሚገኘው ሌላ ምርት ነው። ጎግል ክሮም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የዚህን ማገጃ ሙሉ ዓይነት መቀበል አቁሟል፤ በስልክ ያለው ክሮም ደግሞ ቀድሞውንም ተጨማሪ አይቀበልም።

ስልኩ ተቆልፎ እያለ እንኳ ከላይ የሚወርድ የውርርድና የብድር ማሳወቂያ ምንጩ ብዙውን ጊዜ አንድ ድረ ገጽ ማሳወቂያ ለመላክ ጠይቆ በጥድፊያ አላው (ፍቀድ) የተባለበት አጋጣሚ ነው። ክሮም ውስጥ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግ፣ ሳይት ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን እየተባለ ይገባና የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች አንድ በአንድ ይታገዳሉ።

ከማንኛውም መተግበሪያ ውጭ ሙሉ ማያ ገጹን ሸፍኖ የሚመጣ ማስታወቂያ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ከተጫኑት መተግበሪያዎች አንዱ ነው፤ በአብዛኛው የባትሪ መብራት፣ ስልክ አጽጂ ወይም በሜሞሪ ከሰው የተቀዳ ጨዋታ። ማስታወቂያው እንደመጣ በቅርቡ የተከፈቱትን የሚያሳየው ቁልፍ ሲጫን የላኪው ስም ወይም ምልክት ይታያል፤ እሱን ማጥፋት ነው። ማስታወቂያ የለውም ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የተለወጠ ዩቲዩብም ያው አደጋ አለው፤ በውስጡ ማን ምን እንደጨመረ አይታወቅም፣ የባንክ መተግበሪያ ባለበት ስልክ ላይ ደግሞ ሊጫን አይገባም።

ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም

እነዚህ ላይ ማስታወቂያን ከማጥፋት ይልቅ ዓይነቱንና የሚያስወጣውን ወጪ መቀነስ ነው የሚቻለው። ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ሴቪንግ የሚለው ሲበራ የቪዲዮው ጥራት ይወርዳል፣ ዳታም ይተርፋል። ቀጣዩ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አውቶፕሌይ ይጠፋል። አቅራቢው በቪዲዮው ውስጥ ራሱ የሚናገረው ማስታወቂያ ሲመጣ የማያ ገጹን ቀኝ ጎን ሁለት ጊዜ መንካት 10 ሰከንድ ያሳልፋል።

በጎግል መለያ ውስጥ ማይ አድ ሴንተር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ በግል ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ማስታወቂያ ይጠፋል፤ ወይም የቁማር፣ የአልኮል፣ የፍቅር ጓደኛ ፍለጋና የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ እንዲቀንስ ይታዘዛል። በልጅ እጅ ለሚገባ ስልክ የቁማሩን መቀነስ ከሁሉ ይቅደም። ፌስቡክ ላይ ከማስታወቂያው ጎን ያሉት ሦስት ነጥቦች ተነክተው እንዲደበቅ ይደረጋል፤ ደጋግሞ ከተደረገ የሚመጣው ዓይነት ይለወጣል እንጂ ቁጥሩ አይቀንስም።

ቴሌግራም ራሱ የሚያስገባው ማስታወቂያ አጭር ነው፤ ከ1,000 በላይ ተከታይ ባላቸው ቻናሎች ግርጌ ይታያል። የሚያማርረው የቻናል ባለቤቶች ራሳቸው የሚለጥፉት ነው፤ በተለይ በሥራ ማስታወቂያ ስም የሚመጣው። ሥራ ፈላጊ ወጣት ቻናሉን ሙሉ በሙሉ ሊተወው ስለማይችል ድምፁን አጥፍቶ በቀን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃዋል። ለመመዝገቢያ ወይም ለመያዣ ብሎ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ግን ወዲያው ሪፖርት ተደርጎ ይታገድ። ሳይጠየቁ በየግሩፑ መጨመርን ለማስቆም ፕራይቬሲና ሴኩሪቲ ውስጥ ግሩፕና ቻናል፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ኢንቫይትስ የሚለው ተከፍቶ በስልክ ማውጫ ያሉ ሰዎች ብቻ እንዲጨምሩ ይደረጋል። ዳታ እና ስቶሬጅ ውስጥ ደግሞ በሞባይል ዳታ ጊዜ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ይዘጋል።

የትኛው ይተው?

ማስታወቂያ ሁሉ መታገድ የለበትም። የጨረታ፣ የክፍት የሥራ ቦታና የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ለሕዝብ አገልግሎት ነው፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) በኩር ጋዜጣ የጨረታ ገጾች ለነጋዴው ዋና መረጃ ናቸው። የጎጃምን ታሪክ፣ ቅኔና እርሻ በጥረት የሚሠሩ ትንንሽ የዩቲዩብ ገጾችም ከማስታወቂያ ከሚደርሳቸው ጥቂት ገቢ ሌላ የላቸውም። በማሰሻ ለሚያያቸው ሰው እነዚህን ለይቶ ከእገዳው ማውጣት ይቻላል፤ ዩብሎክ ኦሪጂንም ብሬቭም አንድን ድረ ገጽ ብቻ ለመፍቀድ የሚያገለግል ቁልፍ አላቸው።

አቤቱታ

በቁልፍ የማይዘጋው በአቤቱታ ይሞከራል። የልጆች ፕሮግራም በማስታወቂያ ከተቆራረጠ፣ አልኮል በቴሌቪዥን ከተዋወቀ ወይም ማስታወቂያ ዜና መስሎ ከቀረበ በመጀመሪያ ለጣቢያው በጽሑፍ ይገለጻል። ጣቢያው ካላረመ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይቀርባል። ዕቃው ማስታወቂያው እንደተናገረለት ሆኖ ካልተገኘ ጉዳዩ የንግድ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል ደረሰኙ ተይዞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይኬዳል።

አቤቱታ የሚሰማው ሲጨበጥ ነው። ማስታወቂያ በዛ ብሎ መጻፍ መልስ አያመጣም። ቻናሉ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቋረጠው ፕሮግራም ስምና ርዝመት፣ ማስታወቂያው የፈጀው ደቂቃ በአንድ ገጽ ተጽፎ በፍላሽ የተቀዳው ምስል ቢያያዝበት ማስተባበል ያስቸግራል። በመጀመሪያው ሳምንት የተያዘው ደብተር እዚህ ላይ ሰነድ ይሆናል። በአንድ ሰፈር ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች በጋራ ቢፈርሙበት የበለጠ ይጠነክራል።

ስልኩ አዲስ ማሻሻያ በተጫነለት ቁጥር ፕራይቬት ዲኤንኤሱ፣ የማሳወቂያ ፈቃዶቹና የቴሌግራሙ ማውረጃ እንደተዘጉ መሆናቸው እንደገና መታየት አለበት፤ አንዳንድ ማሻሻያ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመልሳቸዋል። ሪሲቨሩም ዲሽ ሠሪው ቻናል በድጋሚ በፈለገ ጊዜ የተሰረዙትን ቻናሎች መልሶ ስለሚያመጣቸው፣ ከፍለጋው በኋላ ዝርዝሩ እንደገና ይስተካከላል።